ሲቀነስ ዜሮ

ያለፈውን ላላነበባችሁ ነገሩ ባጭሩ ይኸው፦ እኔ ቀን እሠራለሁ፣ እሱ ሌሊት ይሠራል። እኔ የአለቃ ልጅ ነኝ፣ እሱ የሾፌሩ ልጅ ነው። ደግሞም እወደዋለሁ። ያነበባችሁም ብትሆኑ ደግማችሁ ብትሰሙት አይጎዳችሁም፤ እኔ ራሴ ለራሴ ስደግመው ነው የምውለው።

የምንሠራው ኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ነው። ቴሌስኮፑ ተራራው አናት ላይ ነው፤ ቢሮው ግን ከተማ መሃል፣ ልብስ ሰፊዎች ከሚሠሩበት ፎቅ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ወለሉን ያንዘፈዝፈዋል፤ ሻይ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ ብርጭቆዋ እየተንቀጠቀጠች እስከ ጠርዙ ትሄዳለች። እኔ እዚያ ተቀምጬ የኮከብ አድራሻ አዘጋጃለሁ።

አትሳቁ፣ ኮከብም አድራሻ አለው። አድራሻው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ኮከቡ በሰማዩ ዙሪያ የቱ ጋ እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ከሰማይ ወገብ፣ ማለትም ሰማዩን ላይና ታች አድርጎ ከሚከፍለው መስመር፣ ምን ያህል እንደራቀ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ይነግረናል። ከመስመሩ በላይ ያለ ኮከብ ቁጥሩ ብቻውን ይጻፋል። በታች ላለው ግን ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግለታል። በቃ ይኼው ነው፤ ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም።

የየሌሊቱን ኮከቦች ከትልቁ ሠንጠረዥ አውጥቼ አትማለሁ። ወረቀቱ አመሻሽ ላይ ከጉጉት ጋር ወደ ተራራው ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ከጉጉት ጋር ይወርዳል። ጉጉት የምንለው እሱን ነው፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት ስለሚነቃ ይህ ስም ወጣለት፤ ሲጠሩት ዓይኑን አፍጦ ይዞራል። ቴሌስኮፑን ወደ ሰጠሁት አድራሻ ያነጣጥራል። ኮከቡን ካገኘው ትይዩው ላይ «አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ካላገኘው «የለም»።

ከወረቀቱ ጥግ «ማስታወሻ» የምትል ጠባብ አምድ አለች። ለደመናና ለነፋስ የተተወች ነበረች። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በመጣው ወረቀት ላይ «ነፋሱ በርትቷል፤ አንቺም ሹራብ ልበሺ» የሚል አገኘሁ። እኔም በማግስቱ «ሹራቤ ጠፍቷል፤ ያየኸው እንደሆነ ንገረኝ» ብዬ አተምኩ። ሲመለስ «አለ። እኔ ጋ ነው» ይላል። ሌባ! ፍቅራችን እንዲህ በአምድ ውስጥ ተጨናንቆ አደገ። አባዬ እንዳያየው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን አባዬ ቁጥር እንጂ ፊደል አያነብም።

አባዬ አለቃችን ነው። ትልቁን ሠንጠረዥ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሸጋገረው እሱ ነው፤ እንደ ልጁ ይሳሳለታል፤ እንዲያውም ከልጁ በላይ። በተለይ አንድ ነገር ያኮራዋል። በድሮው ሠንጠረዥ የመቀነስ ምልክት የራሱ አምድ ነበረው። «ምልክት ብቻውን አንድ አምድ ይዞ ምን ይሠራል? ከዲግሪው ጋር ደባል አደረግኩትና ገጹ ሰፋ አለ!» ይላል፤ ለእንግዳ ሁሉ ይነግራል። እኔ ይህንን ስሰማ ነው ያደግኩት።

እና እንግዲህ ወደ ጉዳችን። ካለፈው ወቅት ጀምሮ የጉጉት ወረቀት «የለም» ይበዛበት ጀመር። ግማሹን ያገኛል፣ ግማሹን ያጣል። አባዬ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ኮከብ ከቦታው አይጠፋም። የሚጠፋው የሰው ልብ ነው። እንቅልፋም ሰው ቴሌስኮፕ ላይ ሳይሆን ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው!» አለ። የጉጉት አባት፣ ጋሽ ሾፌር፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰማ። ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ወጣ።

*

ትናንት ጎህ ሲቀድ ቢሮው በር ላይ ጠበቅኩት። መኪናዋ እያንኮራፋች መጣች፣ ጉጉት ወረደ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ። የለም። የለም። የለም። ማስታወሻዋን አየሁ፤ ባዶ ናት።

«ምነው፣ ነፋስም የለ?» አልኩት።

«ዝውውሬ ተፈቀደልኝ» አለ፤ አላየኝም።

«የምን ዝውውር?»

«በረሃው ማዶ ያለው ጣቢያ። ነገ ጠዋት ከተራራው እንደወረድኩ በዚያው በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የዛሬው ሌሊት የመጨረሻዬ ነው።»

«እዚያ ቴሌስኮፕ አለ እንዴ?»

«የለም። ዝናብና ነፋስ መለካት ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ! ይህ ሰው ልጅ ሆኖ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኮከብ ሲያይ ወድቆ ክንዱን የተሰበረ ሰው ነው። ዝናብ ሊለካ!

«በረሃ ውስጥ የምን ዝናብ ነው የምትለካው?» ብዬ ጮህኩ። «አበድክ?»

«ያለውን ኮከብ የለም የሚል ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?»

«አባዬ ሲናገር አፉ አያርፍም፤ ታውቀዋለህ…»

«አባትሽ ብቻ አይደለም።» አሁን አየኝ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «አንቺም ጠይቀሽኛል። ‹እንቅልፍ ወስዶህ ይሆን?› ብለሽኛል።»

ምን ልበል? ብያለሁ። በለሆሳስ፣ ለእሱ አስቤ፣ ግን ብያለሁ።

«እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ። «እሱማ ቢሆን በምን ዕድሌ! የባሰው ሌላ ነው። አንቺን ካወቅኩ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ቁጥሩን ስመታ አንቺን ነው የማስበው። ሹራቡ ትከሻዬ ላይ ነው። የሆነ ቦታ ላይ እጄ እየሳተ ነው ማለት ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም። ደጋግሜ አየዋለሁ፣ ልክ ነው፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ባዶ ሰማይ ነው። ራሴን ማመን አቃተኝ። ራሱን የማያምን ሰው ደግሞ ሚስት ስጡኝ ብሎ የማንንም በር አያንኳኳም፤ ያውም የአለቃን።»

«ስለዚህ በሽታህ እኔ ነኛ!»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሃል! ሂድ እንግዲህ። ሂድና ዝናብህን ለካ፤ ካገኘኸው!»

ሄደ። ጋሽ ሾፌር መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። እኔ ደረጃውን ስወጣ እግሬ አይታየኝም ነበር። ሰው እንዴት በመወደዱ ይቀጣል?

*

ስናደድ ጠረጴዛ መወልወል ልማዴ ነው። የራሴን ወለወልኩ፣ የጎረቤቴን ወለወልኩ፣ የአባዬን መደርደሪያ ጀመርኩ። በመጨረሻ ጨርቁን ወርውሬ ተቀመጥኩ። እንቅልፋም ካሉት፣ እንቅልፍ ሰዓት ያውቃል፤ የሚስተው ወደ ንጋት ላይ መሆን አለበት ብዬ «የለም» የተባሉትን ሁሉ አወጣሁ። ወደ ንጋት አይደሉም። ምሽትም አለ፣ እኩለ ሌሊትም አለ። እንቅልፍ አይደለም! ደስ አለኝ፤ ግን ደስታው ምን ይፈይዳል? ፍቅር ነው ያለው እሱ ነው፣ ፍቅር ደግሞ ሰዓት አይመርጥም።

ብድግ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሻዬ ጠርዙ ጋ ደርሳ ልትወድቅ ስትል እይዛታለሁ። መኪናው አመሻሽ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በረሃ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የጠፉት ኮከቦች በሙሉ ዲግሪያቸው ዜሮ ነው፤ ያላቸው ደቂቃና ሰከንድ ብቻ ነው። ሁሉም የመስመሩ ጎረቤቶች፣ አንድ ዲግሪ እንኳ ያልራቁ። ካለፈው ወቅት ጀምሮ የምንሠራው የእነሱን ሰፈር ነው፤ ከዚያ በፊት ቴሌስኮፑ ወደዚያ ዞሮ አያውቅም። የእኔና የእሱ ነገርም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር።

ትልቁን ሠንጠረዥ ከፈትኩና ከመስመሩ በታች ያሉትን ብቻ አምጣ አልኩት። ሲቀነስ ሁለት ዲግሪ የሆኑ ኮከቦች አሉ። ሲቀነስ አንድ የሆኑ አሉ። ከአንድ እስከ መስመሩ ድረስ ግን አንድም የለም። በላይ በኩል ደግሞ፣ ከመስመሩ ልክ በላይ፣ ከሌላው እጥፍ ተፋፍገው ተቀምጠዋል። ሰማይ ወገቡ ላይ ቀበቶ የሚያህል ባዶ ቦታ አለው? ማን ጠርጎት?

የዲግሪው አምድ ላይ የመቀነስ ምልክት አደረግኩ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣ ተጫንኩት። ምልክቱ ጠፋ። ዜሮው ብቻውን ቀረ።

ደግሜ ጻፍኩ። ጠፋ። ለኮምፒውተር ዜሮ ዜሮ ነው፤ የሚቀነስ ዜሮ አያውቅም! ምልክቱ ከአንድ ጋር፣ ከሁለት ጋር ሲሆን ይኖራል፤ ከዜሮ ጋር ደባል ሲሆን ግን ዜሮ ያስወጣዋል። እንግዲህ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ኮከቦች ሁሉ ምልክታቸውን ተነጥቀው ከመስመሩ በላይ ሰፍረዋል። ጉጉት የነገሩትን አድራሻ ይዞ ሄዶ አንኳኳ፤ የቤቱ ባለቤት ግን ማዶ ነው የሚኖረው። የለም አለ። እውነቱን ነው፤ የለም!

እኔ ግን «እንቅልፍ ወስዶህ ይሆን?» ብዬዋለሁ። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የስፌት መኪኖቹ ባይኖሩ ሕንፃው ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

*

አባዬ ቢሮው ውስጥ ብርቱካን እየላጠ ነው። ልጣጩን ሳይበጥስ እስከ መጨረሻ መላጥ ይወዳል።

«አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ስለዚያ ልጅ ከሆነ አልሰማም።»

«ስለ ሰማይ ነው።»

«ስለ ሰማይ ከሆነ ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ ባዶው ቀበቶ፣ ስለ ተፋፈጉት፣ ስለ ዜሮው። ቢላዋው ቆመ።

«የልጁን ስም ለማጠብ የአባትሽን ልታቆሽሺ መጣሽ?» አለ ቀስ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ አንተን የምጠላ መሰለህ?» ድምፄ ተሰበረ። «ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ዝም ብል ግን እሱ ዕድሜ ልኩን የሚያፈቅር እጅ የተበላሸ እጅ ነው ብሎ ይኖራል። አንተ አላስተማርከኝም? ቁጥር አያዝንም፣ አያደላም አላልከኝም? በል ጻፈው። በገዛ እጅህ ሲቀነስ ዜሮ ብለህ ጻፍ።»

በሁለት ጣቱ፣ ብርቱካን በነካው ጣቱ፣ ጻፈ። ተጫነ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ደግሞ ጻፈ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጽፍ ቁልፉን የነካው እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ምልክቱ ጠፋ። አባዬ ብርቱካኑን ወደ ጎን ገፋው።

«በዚህ ሠንጠረዥ ስንቱን እንግዳ አሰልችቻለሁ» አለ። ከዚያ፣ «ልጁን በሰው ፊት ነው የተናገርኩት።»

«አዎ።»

«አባቱ ነበር?»

«በሩ ላይ ነበር።»

ዓይኑን ጨፈነ። አባዬን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ልቤ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ጉጉት ጋ፣ ግማሹ እዚህ ወንበር ሥር።

«ለጉጉት ልደውልለት?» አልኩ።

«ምን ብለሽ? በሰው ፊት ሰድቤ በስልክ ይቅር አልባልም። ደግሞ ገና አላመንኩሽም፤ በዓይኔ ማየት አለብኝ።» ተነሳ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «ወፍራሙን ኮቴን አምጪልኝ። አንቺ ደግሞ ሥራ አለሽ። ለዚያ ምልክት የራሱን አምድ መልሺለት።»

«ገጹ ይጠባል፣ አባዬ።»

«ይጥበብ!»

*

አመሻሽ ላይ መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ጉጉት ሻንጣውን አቅፎ ኋላ ተቀምጧል። አባዬ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ኋላ ነው፤ ዛሬ የፊቱን በር ከፍቶ ከጋሽ ሾፌር አጠገብ ገባ። ጋሽ ሾፌር ደንግጦ ቆቡን አስተካከለ።

«አለቃ፣ ኋላ ይሻልዎ ነበር።»

«ኋላ መንገዱ አይታየኝም» አለ አባዬ።

የሌሊቱን ወረቀት በመስኮት ለጉጉት ሰጠሁት። የጠፉት ኮከቦች በሙሉ አሉበት፤ ከየዜሮው ፊት የመቀነስ ምልክቱን በራሴ እርሳስ አስገብቻለሁ። ማስታወሻዋ ላይ «ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ከመስመሩ በታች እያቸው» ብያለሁ። አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ተስፋ ማድረግ የሚፈራ ሰው አስተያየት ነበር። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ መኪናዋ ተነሳች።

ገና ጥጉን ሳይታጠፉ ቀና ስል ተራራው አናት ላይ ደመና አየሁ።

አይ ዕድሌ! ዛሬ? ከስንቱ ቀን ዛሬ? ሰማዩ ከተዘጋ አባዬ ምንም አያይም፣ ጉጉትም ምንም አያምንም፣ አውቶቡሱ ደግሞ ደመና ነው ብሎ አይቀርም። ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ተኛሁበት፣ ተነስቼ እንደገና አነጠፍኩት። በሕይወቴ ሰማይን እንደዚያን ቀን ለምኜው አላውቅም፤ ኮከብ አሳየኝ ብዬ አይደለም፣ ለሌላ ሰው አሳይልኝ ብዬ።

*

ሲነጋጋ ደጃችን ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሾፌር አባዬን የሚያደርሰው እዚህ ነው፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ ያቆማል፣ አባዬ ይወርዳል፣ እሱ ይመለሳል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው አንድ ቀን እንኳ ከዚያ በር አልፎ አያውቅም።

መኪናዋ ቆየች። በጣም ቆየች። በመጨረሻ እያንኮራፋች መጣች። አባዬ አፉን ከፍቶ ጋሽ ሾፌር ትከሻ ላይ ተኝቷል! ጋሽ ሾፌር እንዳይቀሰቅሰው ብሎ አንገቱን አጣሞ ነው የሚነዳው። ጉጉት ወረደ። ሻንጣው መኪናው ውስጥ ነው። ወረቀቱን ይዟል፣ ግን አይሰጠኝም።

«ንገረኛ!» አልኩ። «ደመና ነበር? ገደልከኝ እኮ!»

«ነበር» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ነበር። አባትሽ ኮታቸውን ተከናንበው ‹እጠብቃለሁ› ብለው ቁጭ አሉ። አባቴም አብሯቸው ቁጭ አለ። ሊነጋጋ ሲል ተከፈተ።»

«እና?»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ደመናው የፈቀደለት አንዲት ኮከብ ብቻ ነች። ትይዩዋ ላይ የተጻፈው ግን የጉጉት ጽሕፈት አይደለም፤ ጥርት ያለው የአባዬ እጅ ነው። «አለ» ይላል።

አባዬ ነቅቶ ኖሯል። ጋሽ ሾፌር፣ «አለቃ፣ እንግዲህ ልጁን አውቶቡስ ጋ ላድርሰው» ሲለው፣ አባዬ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው።

«የት ነው የምታደርሰው? ኮከቡን ማን ሊያገኝልኝ?» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅህን እዚያ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንተን ግን አልጠየቅኩህም። አንተን መኪና ውስጥ አልጠይቅህም። ውረድ፤ ቤቴ ግባና ቤቴ ውስጥ ልጠይቅህ።»

ጋሽ ሾፌር መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፣ እጁ ውስጥ አጣጠፈው፣ ወረደ። አባዬ እያነከሰ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አባዬ ቆሞ አሳለፈው።

እኔና ጉጉት ብቻችንን ቀረን። የተጣላንባቸው ቃላት ሁሉ መሃላችን ቆመዋል፤ ዝናብህን ለካ ያልኩት፣ እንቅልፍ ወስዶህ ይሆን ያልኩት። ይቅርታ ልለው ቀና አልኩ። ሹራቤ ትከሻው ላይ ነው፤ እጅጌው ተራራው ላይ ሲነጋ በሚወርደው ጤዛ ርሷል። ሻንጣው ገና መኪናው ውስጥ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፤ እና ያን ክፍት በር ሳይ እንደገና ፈራሁ።

«አለህ?» አልኩት።

ሻንጣውን አወጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«አለሁ» አለኝ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ማንም ይስማኝ።